ከደጀ ሰላሙ ውጭ የነበርነው

ባለፈው የጽዋ ማኅበራችን ዕለት፣ ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ፤ ደግሞ አዋላጅ ነሽ። ምርጫው እየደረሰ ነው። እንደ ክርስቲያን ማንን ብንመርጥ ነው የሚሻለው?» አለችኝ። ሌሎቹም ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ። ከሆስፒታል ተረኛነት በቀጥታ ነበር የመጣሁት። እግሬ አብጧል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ወገቤ ውስጥ ገብቷል፣ ከዳቦው ቀጥሎ የምፈልገው አልጋዬን ብቻ ነበር።

«ማንን እንደምትመርጡ እኔ አልነግራችሁም» አልኳት። «ድንኳኑ የት እንደሚተከል ግን ጠይቁ።»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። የምርጫ ድንኳን ሁልጊዜም ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው የሚተከለው፣ ማን ያጣዋል፣ ተባባሉ። ለማስረዳት ጉልበቱ ስላልነበረኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለማስረዳት አንኮበር ድረስ መመለስ አለብኝ፤ ያንን መንገድ ደግሞ በእግሬም በሐሳቤም ሰልችቼዋለሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን ከመዛወሬ በፊት አንኮበር ወረዳ፣ አፋፉ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። የተወለድኩበት አገር ነው። ከጤና ጣቢያው ቁልቁል የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ አስተዳዳሪዋ አባቴ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኗ በታች መንገዱ እየጠበበ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የወንድሜና የሚስቱ ቤት እዚያ ነው። ከዚያ መንደር ምጥ የያዛት ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታ፣ በአራት ወንድ ትከሻ፣ የሦስት ሰዓት ዳገት ወጥታ ነው ጤና ጣቢያ የምትደርሰው። ከደረሰች።

የወንድሜ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በዚያ ቃሬዛ ላይ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ልጁ አልፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ስታረግዝ የነገረችኝ ማንም ሳይሰማ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህች ሴት ምጥ ሲይዛት ዳገቱ ሥር መገኘት የለባትም።

መላው የታወቀ ነው። የእናቶች ማቆያ ይባላል፤ የሩቅ መንደር ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ አስቀድማ መጥታ፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ባለ ቤት ገንፎዋን እየበላች ምጧን የምትጠብቅበት ነው። የእኛው በክረምት ፈርሶ ነበር። ወረዳው ቆርቆሮና ምስማር እሰጣለሁ፣ እንጨቱና ጉልበቱ ከሕዝቡ ይምጣ አለ። እንጨቱስ ነበር፤ የቀበሌው ባሕር ዛፍ ለመቆረጥ ደርሷል። ችግሩ ፈላጊው ሁለት መሆኑ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ ዳቦና ጠላ የሚቀምስበት የሰንበቴ ቤት ምሰሶው በስብሶ አዘንብሏል፤ ሽማግሌዎቹ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ እየወረደባቸው ነው ዳቦአቸውን የሚበሉት። ለእሱም ቆርቆሮው በበጎ አድራጊዎች ተገዝቶ ተቀምጧል። ባሕር ዛፉ ለሁለቱም አይበቃም። ስለዚህ ሕዝቡ ድምጽ ይስጥበት ተባለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቅዳሜ ትምህርት ቤት ግቢ ይሁን ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ገበያ ነው የሚውለው፣ ቀርተው ወንዶቹ ብቻ ይወስናሉ ብዬ ተሟገትኩ። እሑድ ይሁን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፤ ያኔ ማንም አይቀርም አልኩ። ልቤ ውስጥ ደግሞ ያልተናገርኩት ነገር ነበር። እመቤታችን ደጅ ቆሞ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ስለ ወላዶች ሲጠየቅ ፊቱን የሚያዞር ክርስቲያን አይኖርም ብዬ ነው። የተማመንኩት በሰው ሃይማኖት ነበር። አባቴም ደስ አላቸው፤ «መልካም አስበሻል ልጄ» አሉኝ። ሊቀመንበሩ እየተነጫነጨ እሺ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የለቀምኩትም የለ።

እሑድ ማለዳ ስነሳ ግዳጄ መጥቷል። ከቀኑ አምስት ቀን ቀድሞ።

በእኛ ደብር ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከደጀ ሰላሙ፣ ማለትም ከግቢው መግቢያ በር፣ አታልፍም። አራስም ወንድ ብትወልድ አርባ፣ ሴት ብትወልድ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት አትገባም። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የኖርኩበት ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ስለ ወላዶች የሚወሰነውን ነገር፣ ወላዶች መግባት የማይችሉበት ቦታ ወስጄ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት የወለደችው አራስ ናት፣ አትገባም። ያልወለደችውም በወር አንድ ሳምንት አትገባም። ማን ይምጣ ስል ስለ ሴቶቹ አሰብኩ፣ የት እንደሚቆሙ ግን አላሰብኩም። የተናደድኩት በሌላ በማንም አልነበረም።

ብገባ ማን ያውቅብኛል? ማንም። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የማውቀውን ተናግሬ፣ ድምጼን ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር። ታሪኩን ሲሰሙ የሚያጽናኑኝ ሰዎች ሁሉ ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ያነሱልኛል፤ የጌታን ልብስ ጫፍ ነክታ ተፈወሰች እንጂ መቼ ተቆጣት ይሉኛል። አውቀዋለሁ። አባቴ ሲያነቡት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እሷ ሕዝቡን ሰንጥቃ ገባች። እኔ አልገባሁም።

ደጀ ሰላሙ ውጭ ስደርስ ብቻዬን አልነበርኩም። አራት አራሶች ከነሕፃኖቻቸው ከግንቡ ሥር ፀሐይ ፍለጋ ተቀምጠዋል። እንደኔው የቆሙ ሌሎችም ነበሩ፤ አንጠያየቅም። ከታችኛው መንደር የመጡ ሁለት ሙስሊም ሴቶችም ነበሩ፤ አንደኛዋ በገበያ ጨውና በርበሬ የሚሸጡ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ እኔ ያዋለድኩላቸው አሮጊት ናቸው። ሁላችንም አሥራ አንድ ነበርን።

ውስጥ ቅዳሴው አልቆ ስብሰባው ሲጀመር የአባቴ ድምጽ በማጉያው ወጣ። «ልጄ አሁን ትመጣለች። የሕክምናውን ነገር እሷ ታስረዳችኋለች» አሉ። ከእሳቸው እስከ እኔ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በበሩ ክፍተት ይታዩኛል፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሰው ልላክ? ምን ብዬ? ለአባቴ፣ ለዚያውም ለቄስ፣ በሰው አፍ? በእኛ አገር ሴት ልጅ ይህን ለአባቷ አትልም። ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲህ ባለጉዳይዋ ካልመጣች እኛ ምን እናድርግ» ብሎ ሰዉ ወገን ለይቶ እንዲቆም አዘዘ። ለሰንበቴ ቤቱ የሚሉ በወይራው ሥር፣ ለማቆያው የሚሉ በደወሉ በኩል።

እኛም ከውጭ በግንቡ ጥግ ተሰለፍን። አሮጊቷ፣ «እኛም አለን፣ ቁጠሩን እንጂ» ብለው ተጣሩ። ሊቀመንበሩ እስከ በሩ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም አፍሮ ነበር። «እትዬ፣ ስብሰባው ግቢ ውስጥ ነው። ቃለ ጉባኤው የሚይዘው ግቢ ውስጥ የተገኘውን ነው» አላቸው።

«ወላሂ እኔ የመጣሁት ድምጽ ልሰጥ ነው እንጂ ላስቀድስ አይደለም። እኛ የማንገባበትን ግቢ ማነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ?» አሉ። «እኔ እኮ የተማርሽ መስለሽኝ ነበር።»

ሰንበቴው በሰባት ሰው በለጠ። ሰባት። ከበሩ ውጭ ደግሞ አሥራ አንድ ነን። ሒሳቡን ለመሥራት ትምህርት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የወንድሜ ሚስት ስድስት ወሯ ስለነበር መግባት ትችላለች፤ ውስጥ ነበረች። በበሩ ክፍተት አየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ ቀስ ብላ ሄዳ ወይራው ሥር ቆመች።

ሰዉ ሲበተን ቀድማኝ እንዳታልፍ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ልቆጣት ነበር። እሷ ግን ገና ከሩቅ፣ «ተቀየምሽኝ አይደል እትዬ» አለችኝ።

«ለማን ብዬ ነው እኔ ይኼን ሁሉ የደከምኩት?»

«አውቃለሁ። ግን ለእመቤቴ ተስያለሁ። ይኼኛውን ካኖርሽልኝ ቤትሽን አስከድናለሁ ብያታለሁ። እንጨት የለኝ፣ ገንዘብ የለኝ። ያለኝ ድምጼ ነው፣ እሱን ሰጠኋት።»

ስለት የገባችበትን ድምጽ ምን ብዬ ልከራከራት? ለእሷ ያ መቆም ጤናዋን መተው አልነበረም፤ ጤናዋን የምትለምንበት መንገድ ነው። ዳገቱን እኔ በቤት ልሻገረው አሰብኩ፣ እሷ በስለት። እስከ መገንጠያው ሸኘኋት። ወሯ ሲገባ እኔ ቤት እንድትመጣ ለመንኳት፤ እሺ አለች። ወሩ ሲገባ ግን ወንድሜ እርሻ ላይ ነበር፣ ላሟ ወልዳ ነበር፣ ነገ ነገ እየተባለ ሐምሌ ተጋመሰ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ቃሬዛው ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ደርሷል፣ በረዶ እየጣለ ነው፣ ከዚህ ወዲያ መንቀሳቀስ አልቻልንም አሉኝ። አምቡላንሱ ጭቃው ላይ ቆሟል። የማዋለጃ ዕቃዬን በላስቲክ ጠቅልዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

ስደርስ ቃሬዛው ደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ግንቡ ሥር ተቀምጧል። እኔ በዚያ እሑድ የቆምኩበት ቦታ ነው። ከበሩ ወዲያ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የሰንበቴው ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ይታያል፤ በረዶው ሲወርድበት ያስተጋባል። አባቴ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እርጥብ ጥምጥማቸው ዓይናቸው ላይ ወርዶ፣ «ግቢ ልጄ። እኔ ፈቅጃለሁ። ኃጢአቱ ካለም በእኔ ይሁን» ይሏታል።

«አልገባም አባቴ» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። «የሰጠኋትን ቤት በደም አላበላሽባትም።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ? እኔ ምጥ ሳይኖርብኝ፣ በረዶ ሳይወርድብኝ አልገባሁም። እሷን ግቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ተንበርክኬ ሥራዬን ጀመርኩ። ልጁ በእግሩ ነበር የመጣው።

ያኔ አባቴ ለተሸካሚዎቹ አንድ ነገር ተናግረው፣ መሰላል አስይዘው ወደ ግቢው ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፤ የምስማር መነቀል ድምጽ ብቻ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ በረዶው ከላያችን ቆመ። አራት ወንዶች ሁለት ቆርቆሮ ከሰንበቴው ጣሪያ ነቅለው፣ በእጃቸው ከላያችን ዘርግተው ቆመዋል። ሦስቱን በዚያ እሑድ በወይራው ሥር አይቻቸዋለሁ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው፣ እስኪያልቅ ድረስ አንዱም አላወረደም።

ወንድ ልጅ ነበር። አላለቀሰም። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት እሷን ማትረፍ ነው። ተረፈች።

አባቴ በሚቀጥለው እሑድ ስብከት አልሰበኩም። ሰንበቴው ሲደርስ በርጩማቸውንና ዳቦውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ግንቡ ሥር ተቀመጡ። ቄሱ ያልባረኩት ዳቦ አይቆረስምና ሕዝቡም እያጉረመረመ ተከትሏቸው ወጣ። ሊቀመንበሩ፣ «አባታችን፣ ምነው?» ቢላቸው፣ «ያን የቆጠርከውን እንደገና ቁጠር። እዚህ» አሉት። ተቆጠረ። ያኔ አራስ የነበሩትም፣ ተጠርተው የመጡት አሮጊትም፣ እኔም ተቆጠርን፤ የእናቶች ማቆያው በብዙ በለጠ። ብዙዎቹ ያለቅሱ ነበር።

ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ፣ ምሰሶ ሆኖ፣ ተመርጎበት ቆሟል። የቆመን ቤት አፍርሱ የሚል አልተገኘም፤ እኔም አላልኩም። ማቆያው ጉቶው አቆጥቁጦ እስኪደርስ ይጠብቅ ተባለ። ወረዳውም ቆርቆሮውን ለሌላ ቀበሌ ሰጠው። እኔ በዓመቱ ዝውውር ጠየቅሁ። ደከመኝ አልኳቸው፤ ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ሞላሁ።

አባቴን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስለዚያ ነገር ያነሳሁባቸው፤ ደብረ ብርሃን ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ያረፉ ጊዜ። «ያን ዕለት ለምን እንዳልገባሁ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «በሩ ላይ ጥላሽን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «እኔ መውጣት እችል ነበር። ለሃምሳ ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ ውጭ ማን እንደሚቆም ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚጨመር ጠየቁኝ።

ከጽዋ ማኅበሩ በወጣሁ በማግስቱ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያ ባሕር ዛፍ አሁን ክንድ ያክላል፤ ለአጥር እንጂ ለምሰሶ አይደርስም። ስለዚህ ከወር በፊት ጀምሬ፣ ወንድሜንም አስገድጄ፣ ወደ እኔ እንድትመጣ ነግሬአታለሁ። አልጋ አዘጋጅቻለሁ። ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።

«ከምርጫው በኋላ ነው የምመጣው» አለችኝ።

«ምርጫው እኮ ወርሽ ከገባ በኋላ ነው። አብደሻል?»

«ካርዴ የዚህ ነው እትዬ። እዚያ ከመጣሁ አይቆጥሩኝም። እዚህ ለምርጫው የቀረበው ሰውዬ ስለ ማቆያው ተናግሯል፣ ስለ መንገዱም። ይዋሽ አይዋሽ አላውቅም።»

«ስለትሽስ?» አልኳት። ልጎዳት ፈልጌ አልነበረም፤ ድካም ነው ያናገረኝ።

«ለእመቤቴ ዘንድሮ ሻማ ነው የተሳልኩላት» አለች። «ድምጼንማ ያኔም የጠየቀችኝ አይመስለኝም። እሷም ስትወልድ ማደሪያ አጥታ ነው በረት የገባችው። ልቆጠርና እመጣለሁ።»

ያኔ ሴቱ ሁሉ ድምጹን ይስጥ ብዬ የተሟገትኩ ሴት፣ አንቺ ግን ቅሪ ልላት ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወንድሜን አቅርቢልኝ አልኳት። አልሆነም። እንግዲያው እኔው እመጣለሁ አልኳት።

የማዋለጃ ዕቃዬን አዘጋጅቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ በዋዜማው በአንኮበር መኪና ወርጄ፣ በማግስቱ ከእሷ ጋር ሰልፉ ላይ እቆማለሁ። ድንኳኑ ትምህርት ቤቱ ጋ ነው አሉ፤ ጠይቄአለሁ። የእኔ ካርድ የደብረ ብርሃን ስለሆነ ያን ዕለት እኔ አልቆጠርም።